ጆሮ ከጣት ይቅደም፦ ልጆች ድምፅንና የሙዚቃ መሣሪያን ለይተው እንዲሰሙ እንዴት እናለማምዳቸው?

ልጁ ሙዚቃ ይወዳል። ወላጅ ደስ ብሎት ክራር ወይም ትንሽ ኪቦርድ ይገዛል፣ አስተማሪ ያፈላልጋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ልጁ ጣቱን የት እንደሚያሳርፍ አሳምሮ ያውቃል። ክሩ ሲላላ ግን አይታወቀውም። ዜማው ሲሳሳትም አይሰማውም። መሣሪያውን ሲያስቀምጥ ዘፈኑም አብሮ ይቀመጣል።

ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ይሻላል ባይ ነኝ። መጀመሪያ ጆሮ፣ ቀጥሎ ጉሮሮ፣ ጣት መጨረሻ ላይ። የሰማውን በራሱ ድምፅ መመለስ የሚችል ልጅ የትኛውም መሣሪያ እጁ ቢገባ መንገዱ አይጠፋውም።

ይህ መመሪያ በግምት ከ4 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። ሙዚቃ ያልተማረ ወላጅም፣ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርም ሊሠራበት ይችላል። የሚያስፈልገው ነገር ጥቂት ነው፦ አምስት አንድ ዓይነት የለስላሳ የብርጭቆ ጠርሙስ፣ የእንጨት ማንኪያ፣ የብር ማሰሪያ ላስቲክ፣ የጫማ ካርቶን፣ አንድ ነጠላና ስልክ። ስልኩ ላይ የሰማውን ድምፅ ስም የሚያሳይ ድምፅ መቃኛ (ቲዩነር) አፕ ይጫኑ፤ በነፃ የሚገኙ ሞልተዋል።

ጊዜው በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል። ቅዳሜን ጠብቆ አንድ ሰዓት ከመቀመጥ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ማለቱ ይበልጣል። ልጁ መወራጨት ከጀመረ በ5 ደቂቃም ያቁሙ።

ደረጃ 1፦ ዝም ብሎ መስማት

ቴሌቪዥኑን ያጥፉ። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ለአንድ ደቂቃ ዝም ይበል። ከዚያ የሰማውን ይንገርዎ። መጀመሪያ ቀን «ምንም አልሰማሁም» ሊል ይችላል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ግን የጎረቤቱን ሙቀጫ፣ የሚንተከተከውን ጀበና፣ ከሩቅ የሚጣራውን ቆራሌ፣ የታክሲውን ረዳት ሁሉ ይቆጥርልዎታል። የቆራሌውን ጥሪ እንዲደግመው ይጠይቁት። ቃሉን ብቻ ሳይሆን ዜማውንም ጭምር፤ ድምፁ የት ላይ እንደሚነሳ፣ የት ላይ እንደሚወርድ።

እዚህ ደረጃ ላይ ከሁሉም የምወደው ልምምድ የጀሪካኑ ነው። ቢጫው ጀሪካን ከቧንቧ ሲሞላ ያዳምጡት። መጀመሪያ ላይ ድምፁ ወፍራም ነው። ውሃው ከፍ እያለ ሲመጣ ድምፁ እየቀጠነ ይሄዳል፤ አፉ ጋ ሲደርስ ፉጨት ሊመስል ምንም አይቀረው። ምክንያቱ ውስጥ ያለው አየር ነው። ውሃው በጨመረ ቁጥር የአየሩ ቦታ ይጠብባል፤ በጠባብ ቦታ ያለ አየር ቶሎ ቶሎ ይርገበገባል፤ ቶሎ ቶሎ የሚርገበገብ ነገር ደግሞ ድምፁ ቀጭን ነው። ልጁን ጀርባውን አዙረው ያቁሙትና «ሊሞላ ሲል ቁም በለኝ» ይበሉት። ሁለት ሦስቴ ይስታል፣ ከዚያ በኋላ ግን አይስትም። ትናንት ተራ የነበረ የውሃ ድምፅ ዛሬ የሆነ ነገር ይነግረዋል። ጀሪካን ከሌለ በትልቅ የውሃ ጠርሙስም ይሠራል።

ደረጃ 2፦ ቀጭንና ወፍራም፣ ጩኸትና ቀስታ

ብዙ ልጆች የሚደናገሩት እዚህ ጋ ነው። ቤት ውስጥ «ድምፁን ከፍ አድርገው» ስንል ስለ ጩኸቱ ነው የምናወራው። ስለዚህ ልጁን «የቱ ድምፅ ከፍ ይላል?» ብለው ከጠየቁት የሚጮኸውን ይጠቁማል፤ አልተሳሳተምም። ሙዚቀኞች ፒች የሚሉትን ለማስተማር «ቀጭን» እና «ወፍራም» የሚሉትን ቃላት ይጠቀሙ። ልጁ የእናቱን ቀጭን ድምፅና የአያቱን ወፍራም ድምፅ ድሮም ያውቃቸዋል። «ከፍታ» የሚለው ሲያድግ ይደርስበታል።

አሁን ሁለቱን ለይተው ያሰሙት። በቀጭን ድምፅ፣ በጣም በቀስታ «ሉ» ይበሉ። ከዚያ በወፍራም ድምፅ ጮክ ብለው «ሉ» ይበሉ። «ቀጭኑ የቱ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ብዙ ልጆች መጀመሪያ ላይ በጩኸቱ ይታለላሉ። «ልክ አይደለህም» አይበሉት፤ መልሰው ያሰሙትና እንደገና ይጠይቁት።

ቀጥሎ እጅ ይግባበት። ድምፁ ሲቀጥን ልጁ እጁን ወደ ላይ፣ ሲወፍር ወደ ታች ያድርግ። እርስዎ ከወፍራሙ ተነስተው ሳያቋርጡ ወደ ቀጭኑ ይውጡና ይመለሱ፤ የአምቡላንስ ድምፅ ዓይነት ማለት ነው። ከዚያ ተራ ይቀያየሩ፦ ልጁ እጁን ያንቀሳቅስ፣ እርስዎ በድምፅዎ ይከተሉት። ትልቅ ሰው የሚያዝዝበት ጨዋታ ስለሆነ በጣም ነው የሚወዱት።

ላስቲኩን በጫማ ካርቶኑ ላይ ይወጥሩና ይንኩት። ሳብ ሲያደርጉት ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲለቁት ይወፍራል። ክራር ሲቃኝ የሚሆነውም ይኸው ነው። ካርቶኑ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ድምፁን ያጎላዋል፤ ላስቲኩን በሁለት ጣትዎ ብቻ ወጥረው ከነኩት ጋር ያስተያዩላቸው።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ሲጀምሩ ሁለቱ ድምፆች በጣም የተራራቁ ይሁኑ። ተቀራራቢ ድምፆችን ወደ መለየት የሚሄዱት የተራራቁትን ያለ ማመንታት መለየት ሲችል ብቻ ነው። ወላጆች እዚህ ላይ ይቸኩላሉ፤ ልጁም «አልችልም» ብሎ የሚያምነው በዚህ ሰበብ ነው።

ደረጃ 3፦ አምስቱ ጠርሙሶች

አምስቱን ጠርሙሶች በተርታ ያቁሙ። መጀመሪያ ሁሉንም ባዷቸውን በማንኪያው ቀስ አድርገው ይምቷቸው፤ ድምፃቸው ተቀራራቢ ነው። ከዚያ በአንዱ ውስጥ ውሃ ይጨምሩ። ልጁ ድምፁ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ይገምት። ጀሪካኑን ያስታወሰ ልጅ «ይቀጥናል» ይላል። ይምቱት፤ ወፈረ!

አሁን በዚያው ጠርሙስ አፍ ላይ ይንፉበት። ውሃው በጨመረ ቁጥር የሚነፋው ድምፅ ይቀጥናል። አንድ ጠርሙስ፣ ያው ውሃ፣ ውጤቱ ግን ተቃራኒ። ሲመታ የሚንቀጠቀጠው ብርጭቆው ነው፤ ውሃው ስለሚከብደው ቀስ ብሎ ይንቀጠቀጣል። ሲነፋ የሚርገበገበው አየሩ ነው፤ ውሃው ቦታ ሲሻማው አየሩ ያጥራል፣ ያጠረ አየር ቶሎ ይርገበገባል። ይህን ለልጁ ወዲያው አያስረዱት። «ለምን ይመስልሃል?» ብለው ይተዉት፤ ቢፈልግ ሁለት ቀን ያስብበት። ከበሮና ዋሽንት ሁለት የተለያዩ ቤተሰብ መሆናቸውን በዚህች ጠርሙስ ሊረዳ ይችላል።

ከዚያ ጠርሙሶቹን ይቃኟቸው። መቃኛ አፑን ይክፈቱ፣ ጠርሙሶቹን እየመቱ ውሃ በመጨመርና በመቀነስ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ እንዲሉ ያድርጉ። ብዙ ውሃ ያለው ወፍራሙ ዶ ይሆናል። አፑ አንዳንዴ ፊደል ያሳያል፤ ሲ (C) የሚለው ፊደል ዶ፣ ዲ (D) ሬ፣ ኢ (E) ሚ፣ ጂ (G) ሶል፣ ኤ (A) ላ ነው። መነሻው የግድ ዶ ላይ ባይወድቅም ችግር የለውም፤ ዋናው በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ነው። ጠብታ ጠብታ ውሃ መጨመር ትዕግስት ይጠይቃል፤ ልጁ ራሱ በማንኪያ ይጨምር፤ ሲደርስ ራሱ «በቃ!» ይበል። የውሃው ልክ ላይ በእስክሪፕቶ መስመር ያስምሩበት፤ ነገ ከዜሮ አይጀምሩም። ብርጭቆ ነውና ልጁ ያለ ትልቅ ሰው ብቻውን አይጫወትበት።

እነዚህ አምስት ድምፆች የትዝታ ቅኝት ናቸው፤ ቅኝት ማለት ዜማ የሚሠራባቸው ድምፆች ስብስብ ነው። ትዝታ ሜጀርና ማይነር በሚባሉ ሁለት መልኮች ይሰማል፤ ይህ ሜጀሩ ነው። ልጁ እንዳሻው ቢመታቸው እንኳ ጆሮ የሚጎረብጥ ነገር አይወጣም። ይምታ፣ ይሞክር። «እስኪ ዓይንህን ጨፍን» ይበሉና አንዱን ይምቱ፤ ዓይኑን ገልጦ የትኛው እንደሆነ ይፈልግ። በሁለት ጠርሙስ ጀምረው ሦስት፣ አራት እያሉ ይጨምሩ።

ደረጃ 4፦ የሰማውን በጉሮሮ መመለስ

ጆሮ መስማቱን የምናውቀው ልጁ ሲያዜም ነው። ጠርሙሱን ይምቱ፣ ልጁ በ«ሉ» ይመልስ። አንድ ድምፅ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት።

አባቶች እዚህ ላይ አንድ ነገር ይወቁ። የልጅ ድምፅ ከወንድ ድምፅ በእጥፍ ይቀጥናል። ላ የምንለው ድምፅ በሴኮንድ 440 ንዝረት ነው፤ አባት ያንኑ ላ ሲያዜም ብዙ ጊዜ በ220 ነው የሚያወጣው። ስሙ አንድ ቢሆንም ለልጁ በጣም ወፍራም ነው። ልጁ ያንን ወፍራም ድምፅ ልያዝ ሲል ጉሮሮው ይጎረናል፣ ዜማው ይጠፋዋል። ስለዚህ አባት ቀጠን አድርጎ ያዚም፣ ወይም እናት፣ እህት ወይም ኪቦርዱ ይምራው። ለአብዛኛው ልጅ የሚመቸው ከመካከለኛው ዶ (ኪቦርድ መሃል አካባቢ ካለው ዶ) ቀጥሎ ካለው ሬ አንስቶ እስከ 440ው ላ ድረስ ያለው ነው።

ልጁ ድምፁን ካላገኘው ምን ይደረግ? አካሄዱን ይገልብጡት፤ እርስዎ ወደ እሱ ይሂዱ። ልጅቷ «ሉ» ብላ ያወጣችውን ድምፅ፣ የትም ይሁን የት፣ እርስዎ ተቀብለው አብረዋት ይያዙት። ሁለት ድምፅ አንድ ሲሆን የሚሰማ ስሜት አለ፤ መጀመሪያ እሱን ትቅመሰው። ከዚያ አንድ እርምጃ ብቻ ቀጠን ይበሉና ትከተልዎ። «እዚህ ነይ» ከማለት «እዚያ ነሽ፣ መጣሁ» ማለት ይቀላል።

የተቀባይና የአውጪ ጨዋታ በባህላችን ሞልቷል። በቡሄ ወንዶቹ ዱላቸውን መሬት እየመቱ፣ በእንቁጣጣሽ ሴቶቹ አበባ ይዘው ሲዘፍኑ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ለጆሮ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። በዓሉን አይጠብቁ፤ ሳህን ሲያጥቡ አውጪ ይሁኑ፣ ልጆቹ ይቀበሉ። በሚቀጥለው ቀን ልጁ ያውጣ።

«ድምፅህ አያምርም፣ አንተ ዝም በል» የሚል ነገር ከቤትዎ ይጥፋ። ስድስት ዓመቱ ላይ ይህን የሰማ ልጅ አርባ ዓመት ሞልቶትም አያዜምም። የአብዛኛው ልጅ ጉሮሮ በልምምድ ይስተካከላል፤ የአንዱ ቶሎ፣ የሌላው ቆይቶ።

ደረጃ 5፦ መሣሪያዎቹን መተዋወቅ

ቅደም ተከተሉ እንደ ድምፆቹ ነው፤ በጣም ከሚለያዩት ይጀመራል። መጀመሪያ ከበሮና ዋሽንት። ቀጥሎ ክራርና ማሲንቆ። መጨረሻ ላይ ክራርና በገና።

ከበሮ ለቀጭንና ወፍራም ትምህርት የተሠራ ይመስላል። ሁለት ፊት አለው፤ ሰፊው ወፍራም፣ ጠባቡ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ልጁ ጀርባውን ሰጥቶ የትኛው ፊት እንደተመታ ይናገር።

ዋሽንት ከሸምበቆ የሚሠራ ሲሆን ብዙ ጊዜ አራት ቀዳዳ አለው። ሁሉም ሲደፈኑ ወፍራሙ ድምፅ ይወጣል። አጭሩ ዋሽንት ከረጅሙ ይቀጥናል፤ ነፊዎች የተለያየ ቁመት ያላቸውን ዋሽንቶች የሚይዙት ለዚህ ነው። ልጁ ድምፁን ብቻ ሳይሆን ከድምፁ በፊት የምትሰማውን ትንፋሽም ያድምጥ።

ክራርና ማሲንቆ ሁለቱም የክር መሣሪያ ናቸው፤ ግን አንድ ሰከንድ ብቻ አድምጦ መለየት ይቻላል። የክራር ክር ሲነካ ድምፁ ወዲያው ጎልቶ ይወጣና እየሞተ ይሄዳል። ማሲንቆ በደጋን ስለሚገዘገዝ ድምፁ አይሞትም፤ ደጋኑ እስከተሳበ ይቀጥላል። ክሩ አንድ ነው፣ ከፈረስ ጭራ የተሠራ። ጣት ክሩን እንጨቱ ላይ አይጫነውም፤ ከጎኑ ይነካዋል። ስለዚህ ድምፁ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ ይሄዳል፣ ልክ ሰው እንደሚያዜመው። ልጁን «የቱ ነው ሰው የሚመስለው?» ብለው ይጠይቁት። ማሲንቆን ከማያውቅ ልጅ እንኳ መልሱ ይመጣል።

በገና አሥር ክር አለው። በክሮቹና ክሮቹን ከሥር በሚደግፈው እንጨት (ብርኩማው) መካከል ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ይገባሉ፤ እንዚራ ይባላሉ። ንዝር የሚለው ያ የበገና ድምፅ ከነሱ ነው የሚመጣው። ልጁ ክራርንና በገናን ሲያወዳድር ያንን ንዝረት ይፈልግ። በዐቢይ ጾም በሬዲዮም በቴሌቪዥንም በገና በብዛት ስለሚሰማ ያኔ ዕድሉን ይጠቀሙበት። ለመንፈሳዊ አገልግሎት የተለየ መሣሪያ ስለሆነ ከጭፈራ ጋር ቀላቅለው አያሰሙት፤ ጸናጽልም እንደዚሁ። ልጆች ይህን ልዩነት ሲነገራቸው በደንብ ይገባቸዋል።

እምቢልታን ለቡድን ይተዉት። አንድ ነፊ ብቻውን ከአንድ ወይም ከሁለት ድምፅ በላይ አያወጣበትም፤ ቀዳዳ የለውም። ሦስት ሆነው ተራ በተራ ሲነፉ ነው ዜማው የሚወጣው። ክፍል ውስጥ ይህን መሞከር ይቻላል፦ ለሦስት ልጆች ሦስት ጠርሙስ ይስጡ፤ ዜማው የሚወጣው እርስ በርስ ከተደማመጡ ብቻ ነው።

አሁን ነጠላውን ይዘርጉ። ከነጠላው ጀርባ ሆነው ያለዎትን ይንኩ፤ መሣሪያ ከሌለ ከስልክ የተቀዳ አጭር ድምፅ ያጫውቱ። ልጁ የመሣሪያውን ስም ከመናገሩ በፊት አጫዋወቱን በእጁ ያሳይ፤ ይመታል? ይነፋል? ይገዘግዛል? ስም በቃል ይሸመደዳል፤ እጁ ግን የሚያሳየው የሰማውን ነው።

ከቻሉ በአካል ያሳዩዋቸው። አዲስ አበባ ላሉ 6 ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የባህል የሙዚቃ መሣሪያዎችን ያሳያል። የባህል ምግብ ቤት ከሄዱ ደግሞ ከድምፅ ማጉያው ራቅ፣ ከተጫዋቹ ቀረብ ብለው ይቀመጡ።

ደረጃ 6፦ ቅኝት (ከ7 ዓመት ገደማ ጀምሮ)

ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። ስማቸውን አስቀድመው አያስተምሩ። አንድ ሳምንት አንዱን ብቻ ያሰሙ፤ ስሙን መጨረሻ ላይ ይንገሩ።

ኪቦርድ ላላቸው ቤተሰቦች፣ በተለይ ውጭ አገር ላሉና ክራር በቅርብ ለማያገኙ፣ ቀላል መንገድ አለ። ነጮቹ ቁልፎች ከዶ ጀምሮ በተራ ዶ ሬ ሚ ፋ ሶል ላ ሲ ይባላሉ፤ ይህ ሲ አፑ ላይ ካለው ሲ (C) ፊደል የተለየ ነው። ትዝታ ሜጀር ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው። ትዝታ ማይነር ላ ሲ ዶ ሚ ፋ። አምባሰል ሚ ፋ ላ ሲ ዶ። ባቲ በሁለት መልክ ይሰማል፦ ሜጀሩ ዶ ሚ ፋ ሶል ሲ፣ ማይነሩ ላ ዶ ሬ ሚ ሶል። እስካሁን ሁሉም ነጭ ቁልፍ ነው። አንቺ ሆዬ ሲ ዶ ሚ ፋ ካሉ በኋላ በሶልና በላ መካከል ያለችውን ጥቁር ይጨምራል። ክራር በጆሮ ስለሚቃኝ ርቀቶቹ ከኪቦርዱ ትንሽ ሊለዩ ይችላሉ፤ ስለዚህ ኪቦርዱ መግቢያ ይሁን እንጂ ዳኛ አይሁን።

ልብ ይበሉ፦ ባቲ ማይነርና ትዝታ ሜጀር አንድ ዓይነት አምስት ድምፆች ናቸው። የሚለያቸው ማረፊያቸው ነው። በአምስቱ ጠርሙሶች ይሞክሩት። ተጫውተው ተጫውተው ዶ ላይ ይረፉ፤ ትዝታ ነው። ደግመው ይጫወቱና ላ ላይ እየተመላለሱ እዚያው ይረፉ፤ ስሜቱ ይቀየራል፣ ወደ ባቲ ይሄዳል። ልጁ «የዘፈኑ ቤት የቱ ነው?» ለሚለው ጥያቄ ጆሮው መልስ እንዲሰጥ ያለማምዱት። ጥሩ ዘዴ አለ፦ ዜማውን ይጫወቱና የመጨረሻዋን ድምፅ ሳይነኩ ያቁሙ። ልጁ ራሱ ያዚማት። ብዙዎቹ መታገስ አቅቷቸው ይጨርሷታል።

ትዝታንና አንቺ ሆዬን ጎን ለጎን ማሰማት ልዩነቱን ያጎላዋል። «ደስ የሚለው የቱ ነው፣ የሚያሳዝነው የቱ ነው?» ብለው ግን አይምሩት። «ምን ይመስላል?» ይበሉና የራሱን ቃል ይጠብቁ።

ካልሄደ

ልጁ ሁልጊዜ «ምን አልሽ?» የሚል፣ ቴሌቪዥኑን በጣም የሚያስጮህ፣ ከጀርባ ሲጠሩት የማይዞር ከሆነ ጨዋታውን ትተው ሐኪም ያሳዩት። የጆሮ ኢንፌክሽን በልጆች ላይ የተለመደ ነው፤ ሳይታወቅም ሊቆይ ይችላል። የጆሮ ማዳመጫ ለዚህ ልምምድ አያስፈልግም፤ በስፒከር፣ በቀስታ ያሰሙ። ከትንሽ ድምፅ ውስጥ የሚፈልግ ጆሮ የበለጠ ይለማመዳል።

ድምፁን ሰምቶ ያለ ምንም ማነጻጸሪያ «ይህ ላ ነው» የሚል ልጅ አለ። ብርቅ ነው፤ ለሙዚቀኛነትም የግድ አይደለም። በዚህ ልጅዎን አይፈትኑት።

መሣሪያ መቼ ይገዛ?

ልጁ የሚያውቀውን አጭር ዜማ ማንም ሳያሳየው በጠርሙሶቹ ላይ ፈልጎ ሲያገኝ። ያኔ ክራሩም ኪቦርዱም ይግባ። ክራር ከሆነ የገዙ ዕለት ጀምሮ መቃኘት የልጁ ሥራ ይሁን፤ መቃኛውን ማዞር ቢከብደው እርስዎ ያዙሩለት፣ ልጁ «ጨምር፣ ቀንስ፣ በቃ» ይበል። ስልኩ ላይ ያለው አፕ የሚከፈተው ልጁ «በቃ» ካለ በኋላ ለማረጋገጥ ብቻ ነው። አንዳንድ ቀን ሳይነግሩት አንዱን ክር ትንሽ አላልተው ያስቀምጡና ሲያነሳው ያገኘው እንደሆነ ይዩ።